ለንደን ውስጥ የመጀመሪያ ቤታችንን ልንገዛ ነው፤ ሶሊሲተር እንዴት መረጣችሁ?

ጎጆ ፈላጊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ካትፎርድ አካባቢ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አግኝተን ያቀረብነው ዋጋ ባለፈው ማክሰኞ ተቀባይነት አገኘ። ዋጋው 340,000 ፓውንድ ነው። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ለዚህ ቀን ዘጠኝ ዓመት ቆጥበናል። በአንድ የተሳሳተ ፊርማ እንዳናጣው በጣም ፈርተናል።

አገር ቤት ቢሆን ውልና ማስረጃ ገብተን እንፈራረም ነበር፤ ስም አዙረን ካርታችንን ይዘን እንወጣ ነበር። እዚህ ግን ደላላው በደወለ ቁጥር የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሶሊሲተራችሁ ማን ነው?» ይለናል፤ የቤት ግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚይዝልንን ጠበቃ ማለቱ ነው። እስካሁን ሦስት መንገድ ቀርቦልናል። የመጀመሪያው ደላላው ራሱ የሚያመጣው ድርጅት ነው፤ «እነሱን ከያዛችሁ ሥራው ይፈጥናል» እያለ በየቀኑ ይወተውተናል። ሁለተኛው ለአክስቴ ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩን የጨረሰለት ጠበቃ ነው፤ የእኛው ሰው ስለሆነ በአማርኛ ያስረዳናል። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ያየነው፣ 495 ፓውንድ ብቻ እጠይቃለሁ የሚል ድርጅት ነው። ሌሎች የጠየቅናቸው ደግሞ 1,500 እና 1,800 ብለውናል።

የደላላውን ሰው እምቢ ብንል ቤቱን ይነፍገናል ወይ? ዋጋቸው ይህን ያህል የሚራራቀው ለምንድን ነው? አማርኛ መናገሩስ ለምርጫ ይበቃል? አንድ ሌላ የሚያስጨንቀኝም ነገር አለ፤ ካለን 51,000 ፓውንድ ውስጥ 12,000ው ባለፈው ዓመት የደረሰኝ እቁብ ነው፤ 10,000ው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ የሰጠን ነው። ይህ ችግር ያመጣብን ይሆን? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩን።

የሉዊሻም እናት፦

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ በ2021 ደላላው ያመጣልኝን ድርጅት ይዤ አንድ ቤት አመለጠኝ፤ በ2022 ራሴ ፈልጌ ባገኘኋት ሶሊሲተር ዛሬ ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖርበትን ቤት ገዛሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርህ።

ደላላው የሻጩ ሰው ነው፤ ክፍያውንም የሚያገኘው ከሻጩ ነው። የእርሱን ጠበቃ እንድትይዝ ሊያስገድድህ አይችልም፤ አልፈልግም ስላልከውም ተቀባይነት ያገኘው ዋጋህ አይሰረዝም። ደንበኛ በመላኩ ከጠበቃው ድርጅት ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ ይህንን የመግለጽ ግዴታ አለበት። በኢሜይል ጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። እኔ አልጠየቅሁም ነበር።

የደረሰብኝ እንዲህ ነው። ዋጋው 650 ፓውንድ ነው ተባልኩ፤ ፈረምኩ። ስሟ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የሰፈረው ሴት አንድ ጊዜ አነጋግራኝ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም። በድረ ገጻቸው ስገባ የማገኘው «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልእክት ብቻ ነበር። በአሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ፋይሌ በሦስት ሰዎች እጅ አለፈ። ሦስተኛው ልጅ ስደውልለት የምገዛውን ቤት አድራሻ ከእኔው ጠየቀኝ! የሕንፃው አስተዳደር ስለ ዓመታዊ የአገልግሎት ክፍያው፣ ስለ መጠባበቂያው ገንዘብና ስለታቀዱ ጥገናዎች የሚሰጠው የመረጃ ጥቅል ከሻጩ ጠበቃ መጥቶ እንደሆነ እንኳ እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ድረስ አላጣሩም። እዚህ አገር በየጠበቆቻቸው በኩል የፈረሙትን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ገዢም ሆነ ሻጭ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። ሻጩ ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸውና ለሌላ ሰው ሸጠው። ጠበቃው ስለ ቤቱ ከየመሥሪያ ቤቱ ለሚጠይቃቸው ማጣሪያዎችና ለቤት መርማሪው የከፈልኩት 1,100 ፓውንድ ቀለጠ። ከድርጅቱ የመጣው ሂሳብ ደግሞ የሊዝ ቤት (መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ለተወሰነ ዓመት የሚያዝ ቤት) ጭማሪ፣ የሞርጌጅ (የባንክ የቤት ብድር) ጭማሪ፣ የስጦታ ገንዘብ መመርመሪያ፣ የማንነት ማጣሪያ እያለ 1,420 ደርሶ ነበር። መጀመሪያ ለድርጅቱ ለራሱ በጽሑፍ አቤቱታ አቀረብኩ፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልፈቱት ነገሩን ያለ ክፍያ ወደሚያይ የሕግ አገልግሎት እንባ ጠባቂ መሄድ እንደሚቻል ስጠቅስላቸው 300 ፓውንድ መለሱልኝ። ቤቱን ግን ማን ይመልስልኛል? ልጆቼ ክፍሎቻቸውን ሳይቀር ተከፋፍለው ነበር።

ስለዚህ 495 የሚለውን ከ1,500ው ጋር አታወዳድር፤ ሁለቱም ሁሉን ነገር አካተው፣ ታክሱን ጨምረው፣ በጽሑፍ ይስጡህና ያንን አወዳድር። ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ የሶሊሲተር ድርጅቶች ለመኖሪያ ቤት ግዢ የሚያስከፍሉትን በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። አፓርታማ ስለሆነ የሊዝ ቤት መሆኑ አይቀርም፤ ሊዝ ከሙሉ ባለቤትነት ይልቅ ብዙ ንባብ አለው፤ ያ ጭማሪ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ግዢው ባይሳካ ስንት እንደምትከፍልም ጠይቅ።

ሁለተኛዋን እንዴት እንዳገኘኋት ልንገርህ። ከዳቦ ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል ቢሮ ናት። ለሦስት ድርጅቶች ደውዬ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበር የጠየቅኋቸው። ፋይሌን በእጁ የሚይዘው ማን ነው? እርሱ ዕረፍት ሲወጣ ማን ይተካዋል? አሁን ስንት ፋይል ይዟል? የሊዝ ቤት በብዛት ይሠራል? ባንኬ ከሚቀበላቸው ጠበቆች ዝርዝር ውስጥ አላችሁ? አንደኛው «የእኛ ቡድን ያስተናግድዎታል» አለኝ። ቡድን መባል የመጀመሪያውን ድርጅት አስታወሰኝ። ሁለተኛው መልሶ አልደወለም። እርስዋ ግን ስልኩን ራሷ አነሣች፤ ስንት ፋይል ይዘሻል ስላት ሳትቆጣ ቆጥራ ነገረችኝ፤ «ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ እመልሳለሁ፤ በሌላው ጊዜ ውል አነባለሁ» አለችኝ። እውነትም እንደዚያ ነበረች።

የሊዝ ውሉ ሲመጣ ቢሮዋ ጠራችኝ። አርባ ገጽ ያህል ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና «99 ዓመት ከ2001 ጀምሮ» የሚለውን መስመር በእርሳስ ከበበችው። ከጎኑ 2100 ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ 2022 አለች፤ ቀነሰችና 78 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከ80 ዓመት በታች የወረደ ሊዝ ሲራዘም የሚከፈለው እንደሚጨምር፣ ስሸጠውም ገዢው ሞርጌጅ ለማግኘት ሊቸገር እንደሚችል አስረዳችኝ። በዚያን ጊዜ በ1993ቱ የሊዝ ቤት ሕግ መሠረት ለማራዘም መጀመሪያ ሁለት ዓመት ባለቤት ሆኖ መቆየት ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ግዴታ የተነሣው ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ወዲህ ነው። ስለዚህ ሻጩ ራሱ የማራዘሚያውን ማስታወቂያ ለመሬቱ ባለቤት እንዲልክና መብቱን ከቤቱ ጋር አብሮ እንዲያስተላልፍልኝ አደረገች። ከዋጋውም 9,000 ፓውንድ አስቀነሰችልኝ። ለሥራዋ በጠቅላላ የከፈልኳት 1,750 ነው። ያንን ገጽ እስከነእርሳሱ ምልክት አስቀምጬዋለሁ።

የመኖሪያ ፈቃዱን የያዘውን ጠበቃ በተመለከተ፣ አንደኛ፣ ባንኩ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ የባንኩን ሥራ መሥራት አይችልም፤ ባንኩ ሌላ ጠበቃ ሲይዝ ለሁለት ትከፍላለህ። ሁለተኛ፣ የስደት ጉዳይን አሳምሮ የሚከራከር ሰው የሊዝ አንቀጾችን ያውቃል ማለት አይደለም። ቋንቋው ካሳሰበህ አስተርጓሚ ይዘህ ግባ፤ ያልገባህን ገጽ አትፈርም። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ ነበር የምሄደው።

ስለ ካርታ ያነሣኸው ጥሩ ነው። እዚህ ካርታ የሚባል ወረቀት በእጅ አይሰጥም፤ ባለቤትነት የሚጸናው በመሬት መዝገብ ቤቱ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። የምትገዛውን ቤት መዝገብ ዛሬውኑ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በ7 ፓውንድ አውጥተህ የሻጩን ስም ማየት ትችላለህ።

ፋይል ስይዝ የነበርኩ፦

የሉዊሻሟ እህታችን የጻፈችውን እያንዳንዱን ነገር እደግፋለሁ። እኔ በአንድ የቤት ግዢ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ለስድስት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አንድ ረዳት ከመቶ በላይ ፋይል ሲሸከም ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የጮኸውን ብቻ እያነሣ ይውላል። ስለዚህ «ስንት ፋይል ይዟል» የሚለውን ጥያቄ አትተው። በተጨማሪ የሚይዝህ ሰው ሶሊሲተር ከሆነ ስሙን በኤስአርኤ (የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ) መዝገብ፣ ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር (ቤት ለማዛወር ፈቃድ ያለው ባለሙያ) ከሆነ ደግሞ የኮንቬያንሰሮቹ ምክር ቤት መዝገብ ላይ ፈልገው። ሁለቱም ቤት የማዛወር ሥራ መሥራት ይችላሉ፤ የሁለተኛው ዋና ሥራው ይኸው ስለሆነ አሳንሰህ አትየው። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ አሠራር አላት።

አሁን ወደ እቁቡ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የእኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ጠበቃው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅህ ሕገ ወጥ ገንዘብን ለመከላከል የወጣው የ2017 ደንብ ስለሚያስገድደው ነው። የባንክ መግለጫህን ሲገልጥ በአንድ ጊዜ 12,000 ፓውንድ ገብቶ ያያል። እቁብ የሚለውን ቃል የሚያውቅ አይመስለኝም። በእኔ ጊዜ አንዲት እናት ለማስረዳት ሲከብዳቸው «ብድር ነው» ብለው ጻፉ። ብድር ከሆነ ባንኩ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል፤ የተፈቀደላቸው ሞርጌጅ እንደገና ተመረመረ፤ ነገሩን ለማቃናት አምስት ሳምንት ፈጀ። እቁብ ብድር አይደለም፤ የራስህ ቁጠባ ነው፤ እንዲሁ ብለህ ጻፍ።

እንዲህ አድርግ። የእቁቡ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ አንድ ገጽ ይጻፍልህ፤ አባላቱ ስንት እንደሆኑ፣ በየወሩ ስንት እንደሚጣል፣ ዙሩ መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳለቀ፣ ዕጣው ለአንተ በስንተኛው ወር እንደወጣ ይግለጽ፤ ይፈርምበት፤ መታወቂያውንም ያያይዝ። አንተ ደግሞ በየወሩ ከሂሳብህ የወጣውን ክፍያ በባንክ መግለጫህ ላይ በቀለም አስምርበት። በእጅ ሰጥተህ ከሆነ የጸሐፊውን መዝገብ ገጽ ፎቶ አንሣ። ይህን ጠበቃው ሳይጠይቅህ በመጀመሪያው ሳምንት ላክ። አሁን በእጅ ያለህ ጥሬ ገንዘብ ካለ ግን ሳትነግራቸው ባንክ አታስገባ።

የወንድምህ 10,000 ደግሞ ስጦታ ከሆነ እንደማይመለስና በቤቱ ላይ ድርሻ እንደማይጠይቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈርማል፤ መታወቂያውንና የባንክ መግለጫውንም ይጠየቃል። አስቀድመህ ንገረው፤ ሳያውቅ ሲጠየቅ ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው። በልቡ ድርሻ የሚያስብ ከሆነ ግን አሁኑኑ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ለዚያ የተለየ ሰነድ አለው። ጠበቃው ለእናንተም ለባንኩም ስለሚሠራ የነገራችሁት ስጦታ ባንኩ ዘንድ እንደሚደርስም እወቅ።

እስካሁን ማንም ያላነሣውን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። አንተ ወይም ባለቤትህ ኢትዮጵያ ውስጥ በስማችሁ ቤት አላችሁ? የመጀመሪያ ቤት ገዢ ተብሎ የቴምብር ቀረጥ ቅናሽ ለማግኘት ሁለታችሁም በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሯችሁ የማታውቁ መሆን አለባችሁ፤ በውርስ የተገኘም ይቆጠራል። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ባለው ስሌት በ340,000 ፓውንድ ቤት ላይ ቅናሹ ያለው 2,000 ይከፍላል፤ የሌለው 7,000። ከዚህ ሌላ 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ቤት በሌላ አገር ካላችሁ፣ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ይጨመርና 24,000 ይደርሳል። የምታነጋግረው ጠበቃ ይህን ሳይጠይቅህ ዋጋ ከሰጠህ እዚያው ላይ ጥርጣሬ ይግባህ።

ከበርሚንግሃም፦

ወንድሜ፣ አላህ ያግራላችሁ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ቤት ልገዛ ስል ገንዘቤን ልበላ ለጥቂት ነው ያመለጥኩት። ቅድመ ክፍያውን ልልክ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከጠበቃዬ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰኝ። ስሟ አለ፣ የቢሮው ዓርማ አለ፣ የቤቴ አድራሻ አለ። «የባንክ ሂሳባችን በኦዲት ምክንያት ተቀይሯል» ይላል። አድራሻውን ደጋግሜ ሳየው በድርጅቱ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ተደግሟል። በኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን በእጄ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ሂሳባቸው አልተቀየረም! የሚላከው 26,000 ፓውንድ ነበር።

ስለዚህ ጠበቃ ስትመርጥ «የባንክ ሂሳባችሁን እንዴት ነው የምታሳውቁኝ?» በል። የእኔዋ ፊት ለፊት በወረቀት ሰጥታኝ «ይህ ፈጽሞ አይቀየርም» ብላኝ ነበር፤ ያዳነኝም እርሱ ነው። ስትልክም መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ልከህ መድረሱን በስልክ አረጋግጥ።

ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ለሚገዙ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ የሚያከራይበት አሠራር ስለሆነ ሰነዱ ይበዛል፤ ከዚህ ቀደም ይህን የሠራ ጠበቃ ያዙ። የቴምብር ቀረጡ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል ሕጉ ነፃ የሚያደርግበት መንገድ አለው፤ ጠበቃው ግን በትክክል ሊሞላው ይገባል።

ጎጆ ፈላጊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኢትዮጵያ ቤት የሚለውን ለባለቤቴ ሳነብላት ዝም አለች። ከመሰደዷ በፊት በ20/80 ተመዝግባ ነበር፤ ዕጣ ወጥቶላት አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በስሟ አለ፤ እናቷ ይኖሩበታል። እኛ የመጀመሪያ ቤት ገዢ ነን ብለን 2,000 ፓውንድ ነበር የያዝነው። ለጠበቃው ባንናገርስ ብዬ አልጠይቅም፤ ነገር ግን 24,000 ከተባልን ቤቱ ቀረ ማለት ነው።

ፋይል ስይዝ የነበርኩ፦

አትደንግጥ፤ አሁን የሚወስነው ቤት ያላት መሆኑ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ዋጋ ስንት ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያ ገዢ ቅናሹ ቀርቷል፤ እርሱን እርሳው። የ5 በመቶው ጭማሪ ግን በዛሬ የገበያ ዋጋው በፓውንድ ሲመነዘር 40,000 ከደረሰ ብቻ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ያለ የንብረት ገማች በጽሑፍ ይገምትላችሁ፤ ጠበቃው ፋይል ውስጥ ያስቀምጠው። ቀረጡ ቁልፍ ከተቀበላችሁ በ14 ቀን ውስጥ የሚከፈልና የሚታወጅ ስለሆነ ግምቱ ከወዲሁ በእጃችሁ ይሁን። መደበቅን ባለማሰብህ ደስ ብሎኛል፤ ቅጹ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁና።

ጎጆ ፈላጊ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ለአራት ድርጅቶች ደውለን የሉዊሻሟን እህት ጥያቄዎች እንዳሉ ጠየቅን። ደላላው ያመጣው ድርጅት «ፋይሉ ለማን እንደሚደርስ አሁን መናገር አንችልም» አለን፤ ደላላውም በጽሑፍ ስጠይቀው 200 ፓውንድ እንደሚከፈለው አመነ። የያዝናት ሶሊሲተር ሁሉን ጨምሮ 1,690 ጠይቃናለች። በመጀመሪያው ስልክ፣ ዋጋ ከመናገሯ በፊት፣ «በሌላ አገር ቤት አላችሁ?» ብላ ጠየቀችን፤ ባለቤቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እዚያው ወሰንን።

የእቁባችን ጸሐፊ ባለ አንድ ገጹን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፉልን፤ የሃያውን አባል ዙርም በሰንጠረዥ አያያዙበት። ሶሊሲተሯ አንብባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው መክፈሉን ቢያቆምስ?» አለችን። ባለቤቴ ዋስ እንዳለው ስታስረዳት በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ወንድሜም ደብዳቤውን በደስታ ፈርሟል።

የኮንዶሚኒየሙ ግምት ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ በፓውንድ ሲመነዘር ከ40,000 በታች ነው። ስለዚህ 7,000 እንከፍላለን። 5,000 ፓውንድ ስለጎደለን እኔ ለሁለት ወር የሌሊት ፈረቃ ገብቻለሁ።

ሐሙስ ዕለት የሊዝ ውሉን ይዛ ጠራችን። «125 ዓመት ከ1998 ጀምሮ» ይላል። ባለቤቴ እርሳስ ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ደመረች፣ ቀነሰች፤ 98 ዓመት ይቀረዋል። ከውኃና ፍሳሽ ድርጅቱ የሚመጣው ማጣሪያ ብቻ ነው የቀረን፤ እርሱ እንደደረሰ ውል የምንለዋወጥበትን ቀን እንቆርጣለን።